ስቄ የማልፈው ስድብና የማላልፈው

ጥያቄ፦ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ በከባድ መኪና መለዋወጫ መደብር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ በቁመቴ ማጠር ቀኑን ሙሉ ሲቀልዱብኝ አብሬያቸው እስቃለሁ። ባለፈው ወር ግን አንድ ደንበኛ በካርቶኑ ላይ ባለው የዕቃ ቁጥር ሳመነታ አይቶ «ማንበብ የሚችል ሰው ጥራልኝ» ቢለኝ፣ የያዝኩትን የፍሬን ሸራ ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ልደበድበው ስል ሰው ገላገለን። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከ9ኛ ክፍል ነው። አንዱን ስድብ ችዬ ሌላው ለምን እንዲህ ያሳብደኛል?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የመልሱን ግማሽ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ ትምህርትዎን ከየትኛው ክፍል እንዳቋረጡ ማንም ሳይጠይቅዎት ነግረውናልና። ስለ ቁመትዎ ግን አንዳች ማብራሪያ መስጠት አላስፈለገዎትም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ሥራው፣ ሥነ ልቦናን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ እንደሚያፍር፣ ግሪክኛ አለማወቁ ግን ቅንጣት ታህል እንደማያሳስበው ስለ ራሱ ጽፏል። ክብሩን ያስያዘው በአንደኛው እንጂ በሌላው አልነበረም። እርስዎም ክብርዎን በትምህርት አስይዘዋል፤ ደንበኛው የተናገረውንም ከእርሱ አስቀድመው ለራስዎ ደጋግመው ሳይሉት አልቀሩም ብለን እንገምታለን። ይህ ማለት ግን ሰውየው ልክ ነበር ማለት አይደለም፤ ስድቡ ስድብ ነው። (በዕቃ ቁጥር ማመንታትም ለከባድ መኪና የማይሆን የፍሬን ሸራ ከመሸጥ በብዙ ይሻላል።)

በስድብ የሚገነፍል ሁሉ ራሱን የሚንቅ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ቡሽማንና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የጻፉት ድርሰት ክፉኛ እንደተነቀፈ ተነግሯቸው ነቃፊውን በኃይለኛ ድምፅ የመቅጣት ዕድል ሲሰጣቸው፣ በቅጣቱ የበረቱት ራሳቸውን አግዝፈው የሚያዩና የሌሎችን አድናቆት አጥብቀው የሚሹት ነበሩ፤ ለራስ የሚሰጥ ግምት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ግን ለብቻው ልዩነት አላመጣም። ከዚህ ተነሥተን ስንመዝነው፣ ቁጣን የሚያቀጣጥለው የግምቱ መጠን ሳይሆን ግምቱ በሰው አፍ ላይ መንጠልጠሉ ይመስለናል።

ስለዚህ ቁጥሩ ሲያጠራጥርዎ ደንበኛው እስኪናገር ሳይጠብቁ «አንድ ጊዜ ላረጋግጥ» ብለው ባልደረባዎን በግልጽ ይጠይቁ፤ ይታወቅብኛል ብለው የሚሸሽጉት ነገር ሲቀንስ ድንጋጤውም ይቀንሳል። የማታ ትምህርት መቀጠልም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ዓላማው የደንበኛን አፍ ማስያዝ ብቻ ከሆነ፣ 12ኛን ቢጨርሱም «ዲግሪ የለህም» የሚል አይጠፋም። ለራስዎ ሲሉ ከሆነ ግን፣ የማታ ክፍል ያለውን በአቅራቢያዎ የሚገኝ ትምህርት ቤት ስለ ምዝገባው ቢጠይቁ መልካም ነው።