በአንድ ቢሮ ሁለት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን፦ በሽታው ከማን መጣ?

ጥያቄ፦ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚሠራ ባልደረባዬ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሕክምና ጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው በሽታ በእኔም ተገኘ። ከእርሱ እንደተላለፈብኝ ማንም አልተጠራጠረም ነበር፤ ይሁን እንጂ የሁለታችን የአክታ ናሙና በዘረመል ምርመራ ከታየ በኋላ ሐኪሞቹ «የያዛችሁ ባክቴሪያ አንድ አይደለም፤ ከእርሱ አልተላለፈብዎትም» አሉኝ። በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ምርመራውስ ምን ያህል ይታመናል?

መልስ፦ በሽታው አንድ ነው ሲባል የሚያመጣው ባክቴሪያ ዝርያው አንድ ነው ማለት እንጂ፣ በእርስዎና በባልደረባዎ ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በቅርቡ ከአንድ ምንጭ ተነሥቷል ማለት አይደለም። ባክቴሪያም ሆነ ቫይረስ በተራባ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚገድፍ ሁሉ በዚህ ጊዜም ስሕተት ይፈጠራል፣ ስሕተቱም ከዚያ ቅጂ ለሚወርዱት ሁሉ ይተላለፋል። ሚውቴሽን የምንለው ይህንን ነው። ተጠብቀው ከሚቆዩት ለውጦች ብዙዎቹ ተህዋሲውን ይህን ያህል የሚጠቅሙም የሚጎዱም አይደሉም፤ የዘር ሐረግ ምልክት ሆነው የሚያገለግሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለውጡ የሚከማችበት ፍጥነት ከተህዋሲ ወደ ተህዋሲ ይለያያል። የኮቪድ-19 ቫይረስ 30 ሺህ ገደማ በሚሆኑት የዘረመል ፊደላቱ ላይ በወር ሁለት ያህል ለውጥ ያከማቻል። 4.4 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ በአማካይ በሁለት ዓመት አንድ ለውጥ ቢታይበት ነው። ስለሆነም በሽታው በእርግጥ ከባልደረባዎ ተላልፎብዎት ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ልዩነቱ ከዜሮ ወይም ከአንድ ሁለት ፊደል ባላለፈ ነበር። በተግባር ብዙ ተመራማሪዎች ልዩነቱ 5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የቅርብ ጊዜ መተላለፍን ይጠረጥራሉ፤ ከ12 ሲበልጥ ደግሞ ያንን ጥርጣሬ ይተዉታል። ይህ ባክቴሪያ በሰው ሰውነት ውስጥ ሳያሳምም ለዓመታት ሊያደባ ስለሚችል፣ የእርስዎ በሽታ ባልደረባዎን ከማወቅዎ በፊት የተያዘ፣ አሁን ግን የተቀሰቀሰ ሊሆን ይችላል።

አስተማማኝነቱን በተመለከተ ወሳኙ ነገር የተሠራበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፉት የሞለኪውል ዓይነት መለያ ዘዴዎች የዘረመሉን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ያያሉ፤ ለምሳሌ አንደኛው በ24 ቦታዎች ላይ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮችን ይቆጥራል። በእነዚህ ዘዴዎች ውጤቱ «ይለያያል» ከሆነ መደምደሚያው ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ «ይመሳሰላል» ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል፣ በአንድ አካባቢ አንድ የዘር ሐረግ በስፋት ሲሠራጭ ፈጽሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ናሙናም ሊመሳሰል ይችላልና። ሙሉውን ዘረመል የሚያነበው ምርመራ ይህን ክፍተት በእጅጉ አጥብቦታል። በእኔ እምነት የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም ጥርጣሬን ከማረጋገጥ ይልቅ ውድቅ ማድረጉ ላይ ነው።

ምርመራው ብቻውን የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም አሉ። የሁለት ሰዎች ባክቴሪያ ፍጹም አንድ ቢሆን እንኳ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይናገርም፤ ያንን የሚለየው መቼ ማን እንደሳለና የት እንደተገናኙ የሚጠይቀው ባለሙያ ነው። አንድ ሰው ሁለት የዘር ሐረግ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ናሙናው አንዱን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒት የመቋቋም ለውጦችም ያሳስታሉ፤ ከዋና ዋናዎቹ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሪፋምፒሲንን የሚያከሽፈው ለውጥ ያንኑ መድኃኒት በወሰዱ፣ ግን ምንም በማይገናኙ ሕሙማን ላይ ለየብቻ ሊፈጠር ስለሚችል፣ የዘር ሐረግ ሲሠራ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ከቆጠራው ይወጣሉ።

አንዳንዴ ደግሞ የለውጥ አለመኖር ራሱ መልስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጊኒ ኢቦላ ዳግም ሲቀሰቀስ የተገኘው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 ከነበረው ወረርሽኝ ቫይረስ ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቢቆይ ኖሮ ሊያከማች ይገባው ከነበረው ለውጥ የተገኘበት በጣም ጥቂቱ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ቫይረሱ እንደ አዲስ ከእንስሳ የመጣ ሳይሆን ከቀድሞው ወረርሽኝ በተረፈ ሰው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ነው ወደሚል ግምት ደረሱ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ሐኪምዎን ምርመራው የዘረመሉን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ያየ ወይም ሙሉውን ያነበበ እንደሆነና በሁለቱ ናሙናዎች መካከል የተቆጠረው ልዩነት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ልዩነቱ በአሥሮች የሚቆጠር ከሆነ ባልደረባዎ የበሽታዎ ምንጭ አይደሉም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ የቤተሰብዎ አባላትና ሌሎች የቅርብ ሰዎችዎም መመርመር ይኖርባቸዋል፣ ትክክለኛው ምንጭ ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ይችላልና።