«ተመርጠሻል፣ ክፈይ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ልጆችንና ወጣቶችን የምታጠኑ፣ ወይም ለማጥናት የምታስቡ፣ የከበዳችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣው በዛ። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስም ትቼ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የማስተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌክቸረር ነኝ። የልጆች አስተዳደግ ላይ ነው የምሠራው። በቅርቡ ኢሜይል መጣልኝ። ውጭ አገር በሚካሄድ «ዓለም አቀፍ የልጆችና የወጣቶች ጉባኤ» ላይ ተናጋሪ ሆነሽ ተመርጠሻል ይላል። የምዝገባ 400 ዶላር በአስቸኳይ ክፈይ አሉኝ። እኔ እኮ አብስትራክት (የጥናቴን አጭር ማጠቃለያ) እንኳን አልላክሁም! ባልደረባዬ ግን «እንዲህ ያለ ዕድል ሁሌ አይገኝም፣ ተበድረሽም ቢሆን ሂጂ» ይለኛል። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትክፈይ። አብስትራክትሽን ሳያይ የመረጠሽ ሰው ምን አይቶ ነው የመረጠሽ? ደህና ጉባኤ መጀመሪያ ርእሱን ያወጣል፣ አንቺ አጭር ጽሑፍ ትልኪያለሽ፣ ገምጋሚዎች ያዩታል፣ ተቀበልንሽ ካሉ በኋላ ነው የክፍያ ወሬ የሚነሳው። ያኔም ቢሆን ከድሃ አገር ለሚመጣ ሰው ቅናሽ ወይም ነጻ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። የላክሽልኝን ኢሜይል አየሁት። «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምርና ወረድ ሲል ያው ጉባኤ ስለ ጥርስ ሕክምናም፣ ስለ ግብርናም፣ ስለ ልጆችም ነው ይላል። አንድ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ለመጣው ሁሉ የምስክር ወረቀት የሚያድሉ ናቸው። ቪዛ ከተከለከልሽ ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም፤ ታች በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል።

ጥናትሽን እናትምልሽ እያሉ ኢሜይል የሚልኩ ጆርናሎችም ነገር እንደዚሁ ነው። «በአምስት ቀን እናትማለን» የሚል ጆርናል ማንም አንብቦ አይገመግምልሽም። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በደንበኝነት ክፍያ የሚተዳደሩ ትልልቅ ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ ከጸሐፊው ምንም አይጠይቁም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው «ቻይልድሁድ» የሚባለው የሴጅ ጆርናል አንዱ ነው። ክፍያ የሚመጣው ጽሑፍሽ ለሁሉም ክፍት ይሁንልኝ ካልሽ ነው። ጽሑፎቹ ሁሉ ለማንም ክፍት የሆኑበት ጆርናል ከሆነ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚባለው የድሃ አገሮች ፕሮግራም ምድብ ሀ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዉልሻል። በዚሁ ፕሮግራም ጆርናሎቹን በነጻ ማንበብም ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቂ። አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ ይለፍ ቃሉ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ያናድደኛል።

እውነተኛውን ወሬ ከየት ላግኝ ካልሽ፣ ዳካር ያለውን ኮዴስሪያን ተከታተይ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት ነው፤ ስለ ልጆችና ወጣቶች ጥናት ለብቻው ኢንስቲትዩት ሲያዘጋጅ የኖረ ነው። ቅርባችን አዲስ አበባ ደግሞ ኦስሪያ፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት አለ፣ በልጆች ፖሊሲ ላይ ብቻ የሚሠራው የአፍሪካ የልጆች ፖሊሲ ፎረምም እዚያው ነው። በዓለም አቀፉ የሶሺዮሎጂ ማኅበር ውስጥ የልጅነት ሶሺዮሎጂን የሚመለከት ራሱን የቻለ ኮሚቴ አለ፣ ቁጥሩ 53 ነው፤ የወጣቶቹ 34 ነው። የአባልነት ክፍያው በአገር ገቢ ስለሚለያይ ለእኛ በጣም ዝቅ ያለ ነው። የዚህ ዘርፍ ጥሪዎች መጀመሪያ የሚወጡት እዚያ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ቀኑ አልፏል። ባልደረባሽን ሰላም በይልኝ፣ 400 ዶላር ካለው ግን እሱ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ስለሚሠሩ ታዳጊዎች መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ፋብሪካ አካባቢ፣ ገበያ ውስጥ፣ ቤት ውስጥም። አማካሪዬ 400 መጠይቅ በትን አለኝ። ለዳታ ሰብሳቢ የምከፍለው ይቅርና ፎቶ ኮፒው ራሱ ይከብደኛል። ርእሱን ልቀይር?

መልስ፦ ርእሱን አትቀይር፣ ጥሩ ርእስ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም ሐምሌ ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ላይ ከገጠር የመጣ ወጣት እንዴት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር ቤት እንደሚከራይ፣ ትምህርቱን የት እንዳቆመ የሚጻፍ ብዙ ነገር አለ።

400 የምትለዋ ቁጥር ከየት እንደመጣች ታውቃለህ አይደል? ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለብህ የሚያሰላው የያማኔ ቀመር ነች። በ5 በመቶ ስሕተት ካሰላኸው የሕዝቡ ብዛት 10 ሺህ ይሁን 10 ሚሊዮን መልሱ ከ400 አይዘልም። ለዚህ ነው የሁሉም ሰው ቲሲስ ላይ 385 ወይም 397 የሚል ቁጥር የምታየው። ቀመሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ቁጥሩ ከጥያቄህ በፊት ባይመጣ ነው የሚሻለው። መጀመሪያ ጥያቄህን ወስን፣ ከዚያ አማካሪህ ጋ ቁጭ ብላችሁ በየትኛው መረጃ እንደሚመለስ ተነጋገሩ።

ሰው በብዙ ገንዘብ ሰብስቦ በነጻ ያስቀመጠው ዳታ አለ። ዋናው «ያንግ ላይቭስ» ነው፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12 ሺህ ያህል ልጆችን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተከታተለ ነው። ከኢትዮጵያ 3 ሺህ ናቸው፤ 2 ሺዎቹ በ2001 እና 2002 እ.ኤ.አ. የተወለዱ፣ 1 ሺዎቹ በ1994 እና 1995 እ.ኤ.አ. የተወለዱ። ያንኑ ልጅ በየጥቂት ዓመቱ እየሄዱ ይጠይቁታል። ልብ በል፣ ልጁ በቀን ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደተማረ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ከብት ለመጠበቅ፣ ለክፍያ ለመሥራት ስንት ሰዓት እንዳጠፋ በተለያዩ ዙሮች ተመዝግቧል። አንተ የምትፈልገው ይህን አይደል? በ12 ዓመቱ ብዙ ሰዓት ይሠራ የነበረ ልጅ በ19 ዓመቱ ትምህርት ቤት አለ ወይ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። 400 መጠይቅ በአንድ ሳምንት በትነህ ይህን በፍጹም አታገኘውም።

ዳታው እንግሊዝ አገር ባለው የዳታ ማኅደር፣ «ዩኬ ዳታ ሰርቪስ» ላይ ነው ያለው። ትመዘገባለህ፣ ለምን እንደምትፈልገው ታስረዳለህ፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ በሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች በሚከፈት ፋይል ታወርዳለህ። ኮምቦልቻ የሚል ግን አትፈልግበት። የጥናት ቦታዎቹ ልጆቹ እንዳይታወቁ በሌላ ስም ነው የተጻፉት፤ ይሄ የጥናቱ ጥንካሬ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ለይተህ ከፈለግህ «ጌጅ» የሚባለው ጥናት አለ፤ በአማራ ደቡብ ጎንደርን ነው የያዘው፣ ከዚያ ውጭ ምሥራቅ ሐረርጌንና አፋርን። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳውም አለ፣ የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 እ.ኤ.አ. ዙሮች። እሱ በአሜሪካ ገንዘብ የሚሠራ ስለነበረ በ2025 መጀመሪያ እርዳታው ሲቋረጥ ተስተጓጉሏል፤ ዕቅድህን እሱ ላይ ከመመሥረትህ በፊት ዳታውን ለማውረድ አዲስ ተመዝጋቢ እየተቀበለ መሆኑን አጣራ።

ታዲያ ኮምቦልቻ የት ገባች? ከትልቁ ዳታ ያገኘኸውን ይዘህ አሥራ ምናምን ልጆችና ወላጆችን ጠጋ ብለህ አነጋግር። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው። «በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» ብለህ አትጠይቅ። ገበያ ላይ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ሰዓት አይቆጥርም፣ የሆነ ቁጥር ይነግርህና ያልፋል። «ትናንት ስትነሣ መጀመሪያ ምን አደረግህ? ከዚያስ?» እያልክ እስከ ማታ ድረስ ተከተለው። ውኃ የቀዳበት፣ ታናሹን ያዘለበት፣ ዳቦ የተላከበት ሁሉ ይወጣል፤ ሴቶቹ ላይ በተለይ የቤት ሥራው እንደ ሥራ ስለማይቆጠር በቀጥታ ከጠየቅሃቸው «አልሠራም» ነው የሚሉህ። ዕድሜም እንዲሁ። ፋብሪካ በር ላይ ያለችውን ልጅ ዕድሜዋን ብትጠይቃት 18 ነው የምትልህ፣ መታወቂያዋም 18 ይላል። ስንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት እንዳቆመች፣ ከዚያ ስንት ክረምት እንዳለፈ ጠይቃት። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ የምትነግርህ ነገር ሥራዋን ሊያሳጣት ይችላልና የፋብሪካውን ስም አትጻፍ፣ ለአለቃዋም አታሳይ።

ሕጉንም አንብብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጓል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም አይፈቀድም። ስለሚሠሩ ልጆች የአገራችን ሰው የጻፈውን ማንበብ ከፈለግህ ኖርዌይ የሚያስተምሩትን ፕሮፌሰር ታጠቅ አበበን ፈልግ። ጌዴኦ ውስጥም፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይም ከልጆች ጋር ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። በየጊዜው ተመራቂ ተማሪዎች ይመጡና ስለ ጦርነቱ ልጆቹን እንጠይቅ ይላሉ። ባለፈው አንዱ ክፍል ገብቶ «ምን አያችሁ? ማን ሞተባችሁ?» ብሎ በጅምላ ጠየቀ። አንዲት ልጅ አለቀሰች፣ እሱ ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ። አይሆንም ብዬው ነበር፣ «ለጥናት ነው» አለኝ። መከልከል እችላለሁ?

መልስ፦ መምህር፣ ይችላሉ። መከልከልም ነበረበት። ይህ አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ትንሽ ላስረዝም።

ከ2014 ዓ.ም ጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የነበረ ልጅ ያየውን አይቷል። ያንን ሰው ፊት፣ በክፍል ጓደኞቹ መሃል አውጣ ማለት ጥናት አይባልም። ልጅ የሚሳተፍበት ጥናት ከመጀመሩ በፊት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የፈቀደበት ደብዳቤ መኖር አለበት። የዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ እሱ አይደለም፣ ብዙዎቹ ይዘው የሚመጡት ያንን ነው፤ ማኅተሙን አይተው አይለፉ፣ ምን እንደሚል ያንብቡት። ቀጥሎ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። የርእሰ መምህሩ ፈቃድ የወላጅን አይተካም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ ራሱ «እሺ» ማለት አለበት፣ መሃል ላይ «በቃኝ» ካለም በቃ ነው፣ ምክንያት አይጠየቅም።

ለሚመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ «ልጅቷ ብታለቅስ ማንን ትጠራለህ?» መልስ ከሌለው በሩን ያሳዩት። በእንዲህ ያለ ርእስ ላይ የሚሠራ ሰው የሚልክበት አማካሪ ወይም የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ያነጋግራል። የዩኒሴፍ የምርምር ቢሮ ኢኖቼንቲ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. ልጆችን በሚያሳትፍ ጥናት ላይ የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥቷል። በነጻ የሚገኝ ነው። ተማሪዎቹ ያንን ሳያነቡ ለምን እንደሚላኩ አይገባኝም። ጥፋቱ የተመራቂው ተማሪ ብቻ አይደለም፣ ርእሱን የፈረመለት አማካሪም አለበት።

ሁሉንም ግን አይመልሱብኝ። ደህና አድርጎ የሚሠራ ሲመጣ ያስገቡት፤ ይህ ካልተጻፈ ደግሞ ሌላ ሰው ከሩቅ ይጽፍልናል።

ጥያቄ፦ በልጆች ጉዳይ ውጭ አገር ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ኖርዌይ ነጻ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ነበረ። ትሮንድሄም ያለው ዩኒቨርሲቲ የልጅነት ጥናት ትምህርቱ ብዙ የአገራችንን ልጆች አስተምሯል። ግን ኖርዌይ ከ2023 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ታስከፍላለች፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሳይዙ አይታሰብም። ቺቭኒንግ፣ እንግሊዝ አገር ለመማር የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ፣ ለኢትዮጵያ ክፍት ነው፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የዕድሜ ገደብ የለውም፣ ጨርሰሽ 2 ዓመት አገርሽ መቆየት ግዴታ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ይከፈታል። ጀርመን ለመማር ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ድርጅት ዳድ ደግሞ የልማት ነክ ፕሮግራሞቹ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪሽ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆነው ይፈልጋል፣ ስለዚህ አትቆዪ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ግን እርሺው። ቴሌግራም ላይ በየዓመቱ «ለኢትዮጵያውያን» እየተባለ ይለጠፋል፣ ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው። የወጣት ተመራማሪዎች ዕድል ሲወጣ ላመልክት ወይስ አልፌዋለሁ?

መልስ፦ እንደሚያወጣው ድርጅት ነው። የእኛ አገር የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ እስከ 24። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ይወስድሃል። ስለዚህ ኅብረቱ የሚያወጣውን ነገር እየተከታተልክ አመልክት፣ 4 ዓመት አለህ። «ወጣት ተመራማሪ» ሲሉ ደግሞ አንዳንዶቹ ዕድሜ ሳይሆን ዶክትሬት ከጨረስክ ስንት ዓመት እንደሆነህ ነው የሚቆጥሩት፤ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብበው።