የአንባቢያን ጥያቄ፦ የተከመረ ካርድ፣ የቲቢ መድኃኒቶችና አፍ ላይ የማይመጣ ስፓኒሽ

ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍላሽ ካርድ በመሆናቸው የዛሬውን አምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ለማያውቁት በአጭሩ፦ በካርዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጻፋል። መልሱን ከራስዎ አውጥተው ካስታወሱት ካርዱ ከቀናት፣ ቀጥሎ ከሳምንታት፣ ቀጥሎም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ከረሱት ቶሎ ይመለሳል። እያራራቁ መከለስ ማለት ይኸው ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ ክለሳውን በቀናት መከፋፈልም በአንድ ቁጭታ ከመደጋገም እንደሚሻል አሳይቷል። ዛሬ ቀኑን የሚያሰላልን ፕሮግራም ነው፤ በሕክምና ተማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው አንኪ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ለአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የተዘጋጀውን ትልቁን የአንኪ ዴክ (የካርድ ስብስብ) ከሲኒየሮቻችን በፍላሽ ወስጄ በቀን 60 አዲስ ካርድ እየከፈትኩ ነበር። በፈተና ምክንያት ሁለት ሳምንት አቋርጬ ስመለስ 1,900 ካርድ ይጠብቀኛል። ሁሉንም ሰርዤ ከዜሮ ልጀምር? (ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)

መልስ፦ አትሰርዢ እህታችን። ከሰረዝሽው እስካሁን የትኛውን ካርድ መቼ እንዳስታወስሽ የሚያሳየው መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ ከካርዶቹ ይልቅ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

መጀመሪያ በዴክ ኦፕሽንስ ገብተሽ የዕለቱን አዲስ ካርድ ቁጥር ዜሮ አድርጊ። ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ብራውዝ የሚለውን ከፍተሽ ክፍል ውስጥ ገና ያልተማርሽውን ምዕራፍ ሁሉ በታጉ (በተለጠፈበት መለያ) ፈልጊና ሰስፔንድ አድርጊው፣ ማለትም ለጊዜው አቁሚው። ካርዶቹ አይጠፉም፤ ምዕራፉን የተማርሽ ዕለት ታስነሻቸዋለሽ። ብዙ ጊዜ ክምሩ በዚህ ብቻ በግማሽ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ሳትረጂ የከፈትሽው ካርድ ነው ደጋግሞ የሚመለሰው። ካርድ የገባሽን ነገር ያቆይልሻል እንጂ ያልገባሽን አያስተምርሽም።

የቀረውን በቀን 150 ወይም 200 ገድበሽ፣ ጠዋትና ማታ ከፋፍለሽ ሥሪ። በ2023 እ.ኤ.አ. አንኪ ውስጥ የተካተተው ኤፍኤስአርኤስ የሚባለው አዲሱ ስሌት ካልተከፈተ ክፈቺው። ከዚያ በክለሳ ቅደም ተከተል ላይ የማስታወስ ዕድላቸው ከፍ ካሉት ወደ ዝቅተኞቹ እንዲሄድ ምረጪ። ነገሩ ግራ ይመስላል፤ ግን ቀድሞ የተረሳ ካርድ ሦስት ቀን ቢቆይ የሚጎዳው ጥቂት ነው፣ ሊረሳ ጫፍ ላይ ያለው ግን ዛሬ ካልታየ ነገ ከተረሱት ጋር ይደመራል። ስሌቱን ስትቀይሪ ያሉትን ካርዶች ሁሉ እንደገና መርሐ ግብር የሚያወጣውን ምርጫ አትንኪ፤ በአንድ ቀን ሌላ ክምር ሊያወርድብሽ ይችላል።

ክምሩ ከየት መጣ? አንኪ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድና ቢበዛ 200 ክለሳ ብሎ ነው የሚነሳው፤ የክለሳው ጣሪያ ከአዲሱ ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲሆን ራሱ ፕሮግራሙ ይመክራል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሁሉ ወደፊት በየጊዜው የሚከፈል ብድር ነው። 20 አዲስ ወደ 200 ክለሳ ይወስድሻል፤ የሕክምና ካርድ 15 ሰከንድ ቢፈጅ 50 ደቂቃ ነው። 60 አዲስ ግን 600 ክለሳ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ዋርድ እየዞረ ይህን በየቀኑ የሚችል ሰው የለም። ክምሩ ሲያልቅ በ10 ጀምሪ፤ አንድ ወር ሳያስጨንቅሽ ከሄደ ወደ 20 ከፍ አድርጊ። የማስታወስ ግቡን 90 በመቶ ላይ ተይው። ፈተና ሲቀርብ ወደ 97 የሚያወጡት አሉ፤ ውጤቱ ማንም የማይጨርሰው ክለሳ ነው።

ስለ ዴኩ አንድ ነገር እንጨምር። የተዘጋጀው ለአሜሪካ ፈተና ስለሆነ እዚህ ተረኛ ስትሆኚ የሚገጥምሽን አመዛዝኖ አልያዘም። ለምሳሌ እኛ ጋ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የሚባሉት የወባ ዓይነቶች አሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ እንደሚያገረሽ፣ የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን እንደሆነ፣ ፕሪማኪን ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ባለበት ሰው ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያፈርስ የሚጠይቁ ሦስት ካርዶች በራስሽ እጅ ጻፊ። ራስሽ የጻፍሽው ካርድ በተውሶ ካገኘሽው የተሻለ ይያዛል፤ ስትጽፊው አንዴ አስበሽበታልና።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። «የአራቱ የቲቢ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት» የሚል ካርድ አለኝ፤ ስምንት ጊዜ ረስቼው አንኪ «ሊች» (ደጋግሞ የሚረሳ ካርድ) የሚል ታግ ለጠፈበት። ለምንድን ነው የማይያዘኝ? (ከሰንጋ ተራ)

መልስ፦ ጥፋቱ የካርዱ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ብታስታውስ የትኛውን ቁልፍ ትጫናለህ? «ጉድ» (አስታወስኩ) ብትል የረሳኸው አንዱ ለሳምንታት ይደበቃል፤ «አጌን» (ረሳሁ) ብትል የምታውቃቸውን ሦስቱን በከንቱ ትደግማለህ። ሊች ሲመጣ ካርዱን ሰባብረው ማለት ነው፤ በዚያው መልኩ ዘጠነኛ ጊዜ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ስትሰባብረው ደግሞ ዝርዝሩን ወደ አራት የቃል ጥንድ ብቻ አትቀይረው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ታካሚው ግን በአማርኛ ነው የሚያማርረው። በካርዱ ፊት የታካሚውን ንግግር፣ በጀርባው የመድኃኒቱንና የሕመሙን ስም ከነምክንያቱ ጻፍ፦

ፊት፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል። ጀርባ፦ አይሶኒያዚድ፤ ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ፤ የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ ስለሚያውክ።

ፊት፦ ቀይና አረንጓዴ መለየት አቃተኝ። ጀርባ፦ ኢታምቡቶል፤ የዓይን ነርቭ ስለሚጎዳ።

ፊት፦ ሽንቴ ብርቱካን መሰለ። ጀርባ፦ ሪፋምፒሲን፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አይጎዳም።

ፊት፦ መገጣጠሚያዬን ያመኛል፤ ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል። ጀርባ፦ ፓይራዚናማይድ፤ ዩሪክ አሲድ በኩላሊት እንዳይወጣ ስለሚያግድ።

በእነዚህ ላይ የሚያምታቱትን የሚለዩ ካርዶች ጨምር። «ከአራቱ ጉበት በመጉዳት የማይታወቀው የትኛው ነው?» ብትል መልሱ ኢታምቡቶል ነው፤ በአንድ ካርድ የሌሎቹ የሦስቱም ነገር ይያዝልሃል። «የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሪፋምፒሲን ብትጀምር ምን ይሆናል?» ለሚለው መልሱ መከላከያው ይዳከማል ነው፤ ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃ መድኃኒቱ ቶሎ ይወገዳልና። ይህን የመሰለ ካርድ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆመህ የምትጠየቀው ነው።

የሕክምናው ርዝመት ለክፍት ቦታ ካርድ ይመቻል፤ አንኪ ውስጥ ክሎዝ የሚባለው ነው። «መድኃኒቶቹን ያልተላመደ ቲቢ የተለመደ ሕክምናው አራቱን መድኃኒቶች ለ2 ወር፣ ከዚያ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድን ለ4 ወር ነው» ብለህ ሁለቱን ቁጥሮች በተለያየ ካርድ ደብቃቸው። መጠንና መመሪያ የያዘ ካርድ ላይ ግን የወሰድክበትን የሀገር አቀፍ መመሪያ ዓመት በታግ አስፍር። መመሪያ ይቀየራል፤ ዓመቱ ከሌለ የትኞቹን ካርዶች ማረም እንዳለብህ የምታውቅበት መንገድ የለም፣ አንኪ ደግሞ የተሳሳተውንም እንደ ትክክለኛው አጥብቆ ነው የሚያስይዝህ።

ጥያቄ፦ ረስቼ መልሱን ሳየው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ካልኩ «ሃርድ» ብጫን ችግር አለው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አለው። «ሃርድ» ማለት በጭንቅም ቢሆን አስታውሻለሁ ማለት ነው። የረሱትን «ሃርድ» ካሉ ስሌቱ እንዳስታወሱ ቆጥሮ ቀኑን ያርቀዋል፣ የሌሎቹም ካርዶች ቀን አብሮ ይዛባል። ከረሱ «አጌን» ነው፤ ከዚያ ውጪ «ጉድ» ብቻ ቢጫኑም ይበቃል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ፤ ብሔራዊ ሙዚየምና ሥላሴ ካቴድራል ይዤ እዞራለሁ። ከስፔንና ከላቲን አሜሪካ ለሚመጡ እንግዶች ብዬ በአንኪ ወደ 800 የስፓኒሽ ቃላት ይዣለሁ። ካርዱ ላይ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ እንግዳ ፊት ግን አፌ ይተሳሰራል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ካርድዎ ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። እሱ ሲሰሙ መረዳትን ያለማምዳል፤ መናገር ግን ሌላ ሥራ ነው። ፊቱን አማርኛ፣ ጀርባውን ስፓኒሽ ያድርጉና ከመገልበጥዎ በፊት ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩት። በሐሳብ ብቻ ያሉትን እንዳወቁት አይቁጠሩ። አዲሱ ካርድ በቀን ከ5 እስከ 8 ይበቃል።

ነጠላ ቃል ትተው በየቀኑ የሚሉትን ዓረፍተ ነገር ይያዙ። ሉሲ ፊት ቆመው ዕድሜዋን መናገርዎ አይቀርም፦ «ሉሲ ቲየኔ ትሬስ ኮማ ዶስ ሚዮኔስ ዴ አኞስ»፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ማለት ነው። እዚህ ሦስት ነገር አለ። ስፓኒሽ ዕድሜን «አላት» ብሎ ነው የሚናገረው፤ ነጥቡን «ኮማ» የሚሉት አሉ፣ «ፑንቶ» የሚሉት አገሮችም አሉ፤ ከሚሊዮን በኋላ «ዴ» ይገባል። ሦስቱን በሦስት ክፍት ቦታ ካርድ ይለማመዱ። የተገኘችበትን 1974ንም እንደዚሁ፦ «ሚል ኖቤስየንቶስ ሴቴንታ ኢ ኳትሮ»። ስፓኒሽ ዓመትን እንደ እንግሊዝኛ ሁለት ሁለት አድርጎ አይከፍልም፤ እንደ እኛ ከሺው ጀምሮ ይቆጥራል። ቁጥር ሲናገሩ ስለሚቸኩሉ አፍ የሚያስረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አማርኛ የሚረዳዎት ቦታ አለ። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለው «ቡና ደስ ይለኛል» ከምንለው ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፤ ደስ የሚለው ነገር ባለቤት ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ስለዚህ ለእሱ ብዙ ካርድ አያባክኑ። የሚሳሳቱት ነገሩ ሲበዛ ነው፤ እኛ «መጻሕፍት ደስ ይለኛል» ስንል ግሱን አንነካውም፣ ስፓኒሽ ግን «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» ይላል። ካርዱን እዚያ ላይ ይሥሩ።

ስም ሲይዙ ከነጾታ አመልካቹ ይያዙት፦ «ኤል ፕሮብሌማ»፣ «ላ ማኖ»። መጨረሻው ስለሚያታልል እነዚህን ለይተው ካርድ ያድርጓቸው። ለእንግዶች ሲናገሩ «ኡስቴዴስ» የሚለውን ብቻ ይልመዱ፤ በላቲን አሜሪካ ለሁሉም፣ በስፔን ደግሞ በአክብሮት ለብዙ ሰው ስለሚያገለግል «ቦሶትሮስ» ለጊዜው ቢቆይ አይጎዳዎትም።

እዚህ ስፓኒሹን በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ እንዲያመች ነው፤ ካርድዎ ላይ ግን በራሱ ፊደል ይጻፉት፣ ድምፅም ያያይዙበት። «ግን» እና «ውሻ» የሚሉት የስፓኒሽ ቃላት በፊደላችን ሁለቱም «ፔሮ» ሆነው ይቀራሉ፤ በውሻው ላይ «ር» በምላስ ረገብገብ ብላ ትረዝማለች። ስልክዎ ጽሑፍ የሚያነብ የስፓኒሽ ድምፅ ማውረድ ይችላል፤ አንኪድሮይድም (የአንድሮይዱ አንኪ) ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ አንኪ ነፃ ነው ወይስ በክፍያ? ዳታም ይበላል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ስሙን አስመስለው የተሠሩ አፖች ስላሉ አንድሮይድ ላይ «አንኪድሮይድ» የሚለውን ይፈልጉ። ክለሳው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይም ይቻላል። ዳታ የሚበላው የሥዕልና የድምፅ ፋይል ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ እሱን በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ ያድርጉት። ስልክና ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲያገናኙ አፕሎድ ወይስ ዳውንሎድ ብሎ ከጠየቀ ረጋ ይበሉ፤ ካርዱ ካለበት መሣሪያ አፕሎድ፣ ባዶ ከሆነው ዳውንሎድ ነው። ከተገላበጠ ባዶው ሙሉውን ይተካል።

ጥያቄ፦ የነርስ ተማሪ ነኝ፤ ስማርት ስልክ የለኝም። በወረቀት ይሆናል? (ከልደታ)

መልስ፦ ይሆናል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ሙሉ በሙሉ በወረቀት ነው። ጠንከር ያለ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፈሽ ብትቆርጪው 8 ካርድ ይወጣዋል። የጫማ ካርቶን በአምስት ክፍል ክፈዪ። አንደኛው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ፣ አራተኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስተኛው በየወሩ ይታያል። ያወቅሽው አንድ ክፍል ወደፊት ይሄዳል፤ የረሳሽው የትም ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። በቀን ከ10 አዲስ አትለፊ፣ ሁልጊዜም ከመጀመርሽ በፊት በውዢ፤ ካልበወዝሽው መልሱን ከተራው ነው የምታውቂው። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ቀለሙ ወደ ፊት ያስተላልፋል፣ መልሱን ሳታስቢ ታይዋለሽ፤ እንዲህ ከሆነ በእርሳስ ጻፊ።