«ከ40 22 አገኘች» ላለችው እናት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ10 ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አምና መኪናው ተገልብጦ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር ልጅቷ አትተኛም፤ እኔ ላይ ተለጥፋ ነው የምታድረው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መውሰድ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ባለሙያዋ በየሳምንቱ አራት መስመር ያለበት ወረቀት ትሰጣታለች። በአንዱ ጫፍ ያኮረፈ ፊት አለ፣ በሌላው የሚስቅ። ልጄ መስመሩ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ባለሙያዋ በማስመሪያ ትለካለች። መጀመሪያ ቀን ከ40 31 አገኘች። አሁን 22! እኔንም 25 ጥያቄ አስሞልታኛለች። ልጄ እየወረደች ነው? ወይስ ገንዘቤን ውሃ እየበላው ነው?
ግራ የገባት እናት

መልስ፦ ድሬ ነንና «አንቺ» ልበልሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ «አገኘች» የምትለው ቃል ሳበችኝ። አልፈርድብሽም። እኛ አገር «ከ40» ከተባለ ፈተና ነው፣ «ውጤት» ከተባለ ካርድ ነው። አንድ አባት እኔ ቢሮ ቁጭ ብሎ ልጁን «ምነው ትንሽ ብታጠኚ?» ሲላት ሰምቻለሁ።

ወረቀቱን አውቀዋለሁ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ያዘጋጁት ስኮት ሚለርና ባሪ ደንከን የሚባሉ አሜሪካውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው። ፊት የተሳለበት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። የሚጠይቀው ይሄን ነው፦ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? ቤት እንዴት ነው? ትምህርት ቤትስ? ባጠቃላይስ? እያንዳንዱ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 40።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ተቀምጠሽ ነበር? ነበርሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። ለልጆች የተቀመጠው ድንበር 32 ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ እርዳታ ከሚሹት ጋር ይመደባል። ድንበሩ የወጣው አሜሪካ ስለሆነ እኔ እንደ ሕግ አልይዘውም። ግን ሌሊት የማትተኛ ልጅ 31 ስትሞላ ያን ቁጥር አላምነውም። እናቷ እያየች፣ አባቷ ከሞት ተርፎ፣ «ቤት እንዴት ነው?» ስትባል የሚስቀው ፊት ጋ ትሄዳለቻ! ምን ታድርግ አቦ? 22ቱ ምናልባት የመጀመሪያው እውነተኛ መልሷ ነው። ባለሙያዋን አምናት ከሆነ ጥሩ ዜና ነው። በእውነት ብሶባትም ሊሆን ይችላል፤ አባቷ በዚያ ሳምንት ጅቡቲ ነበር? ቁጥሩ ብቻውን ይሄን አይነግርሽም። ለዚህ ነው ባለሙያዋ ወረቀቱን አስቀምጣ «ይሄኛው መስመር ወደዚህ መጣ፣ ምን ሆነ?» ብላ ልጅሽን መጠየቅ ያለባት። ለክታ ፋይል ውስጥ ብቻ የምትከት ከሆነ፣ እውነት ለመናገር ወረቀት ማባከን ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የመስመሩ መሐል ላይ ጭረት ያደርግ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ «የተረጋጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቶሎ እንድንጨርስ ነዋ» አለኝ። ስድስቱን ሳምንት ምንም እንዳልረዳሁት ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ወረቀቱ የሚፈትነው እኛን ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንቺ የሞላሽው የ25 ጥያቄ ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። «እውነት አይደለም፣ በከፊል እውነት፣ በእርግጥ እውነት» እያልሽ ነው የሞላሽው፣ አይደል? ከ25ቱ 20ዎቹ ስለ ችግር ናቸው፤ ድምራቸው እሱም ከ40 ነው። ተጠንቀቂ፤ እዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ነው የሚብሰው! የልጅሽ ወረቀት ላይ ከፍ ማለት ጥሩ ነው፣ ያንቺ ላይ ከፍ ማለት መጥፎ። ሁለቱን ያምታታች እናት ብቻ ሳትሆን ባለሙያም አይቻለሁ። ቀሪዎቹ አምስት ጥያቄዎች ስለ ልጅሽ ደግነት ናቸው፣ ድምሩ ውስጥ አይገቡም። መምህሯም መሙላት ትችላለች፤ መልሳችሁ ባይገጥም አትደንግጪ፣ ትምህርት ቤት ሌሊት የለም። ደግሞ አንዱ ጥያቄ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ቁርጠት ነው። በግንቦት ሙቀት ድሬ ውስጥ ራሱን የማያመው ማን አለ? እኔ ያን ጥያቄ ሁልጊዜ ደግሜ አጣራለሁ።

ቤት ውስጥ ከአያቷ ጋር በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የምታወራ ከሆነ ለባለሙያዋ ንገሪያት። «እጨነቃለሁ» የሚለውን በአማርኛ ስታነበው ስለ ትምህርት የመሰላት ልጅ ገጥማኛለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ልጅሽ ስትሞላ ውጭ ጠብቂ። ስትወጣ «ስንት ሆነ?» አትበያት። ባለሙያዋን የአምስቱን ሳምንት ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ እንድታሳይሽ ጠይቂ፤ አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለት ምንም አይደለም። ልጅሽ የራሷን ግብ እንድታወጣም ጠይቂያት፦ ለምሳሌ «አባዬ መንገድ ሲወጣ በራሴ አልጋ መተኛት»። ያንን ከ0 እስከ 10 ራሷ ትለካዋለች። እኔ ከሁሉም ይሄን እወዳለሁ፤ ልጅ ይገባዋል። ጥቂት ሳምንት አልፎ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ አካሄዱ ይቀየር ማለት መብትሽ ነው። ራሷን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ካወራች ግን ቀጠሮም ወረቀትም አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ውሰጃት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አንዴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረቀቱን አሳንሶ አወጣልኝ። መስመሩ 9 ሴንቲ ተኩል ሆኖ ነበር፤ ጫፍ ድረስ ምልክት ያደረገ ልጅ እንኳ 38 ነው የሚሞላው። እኔ ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ልጆቹ ሁሉ የባሰባቸው መስሎኝ ስብሰለሰል ከረምኩ። ስለዚህ ከልጅሽ ቦርሳ ማስመሪያ ያዥና መስመሩን ለኪው።