ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለአህያ የሚሆን መንገድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የሚመጣልን ጥያቄ በዝቷል፣ አብዛኛው ደግሞ ስለ አረንጓዴ መንገድ ነው። መኪናና ባጃጅ የማይገባበት፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ ያለው፣ እግረኛና ብስክሌት ከጋማ ከብት ጋር የሚጋሩት መንገድ ማለት ነው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ከደሴ፦ የሰፈር ልጆች ተደራጅተን ከአስፋልቱ ራቅ ያለ፣ በእግርም በብስክሌትም ኮምቦልቻ የሚያወርድ መንገድ ልንሠራ ነው። የእረኞች አቋራጭ አለ። እሱን ብናሰፋው አይበቃም?

አይበቃም። እንዲያውም አትንኩት። አቋራጭ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ያንን ደግሞ ከፍየል ይልቅ ውሃ ይወደዋል። አንድ ክረምት ሲወርድበት ቦይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቦረቦር ነው። ስታሰፉት የምታሰፉት ለጎርፉ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱ 650 ሜትር ይሆናል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ብቻ የሚወርድ መንገድ ከፈለጋችሁ ቁልቁለቱ ብቻውን ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጃል፣ 5 ሜትር ብቻ ይውረድ ካላችሁ ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ይኼ ይገባዋል፣ አስፋልቱም ያን ያህል የሚጠማዘዘው ለጌጥ አይደለም። የእናንተም መንገድ ተራራውን አግድም እየታከከ መውረድ አለበት። ከመቶ 10 በላይ ቁልቁለት ለአጭር ቦታ ካልሆነ ባትሞክሩት ይሻላል።

ልኬቱ ኢንጂነር አይጠይቅም። የቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ዘንድ ሂዱና እርከን የሚቀይስበትን ገመድና ውሃ ልክ አውሰን በሉት። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ መሃላቸው 10 ሜትር ገመድ፣ ገመዱ እኩሌታ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ውሃ ልክ፣ ሌላ ምንም የለም። አንዱ ልጅ ከላይ ይቆማል፣ አንዱ ከታች፣ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ አረፋዋን ያያል። የላይኛው ልጅ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ ገመዱን ዘንጉ ላይ ዝቅ ዝቅ ያደርጋል። 80 ሳንቲሜትር ዝቅ ካደረገ ቁልቁለቱ ከመቶ 8 ነው። ካስማ መትታችሁ ወደሚቀጥለው።

ደግሞ ይቺን ያዙልኝ፦ የመንገዱ ቁልቁለት የተራራው ጎን ካለው ቁልቁለት ከግማሹ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መሄዱን ይተውና መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ስትቆፍሩም የገደሉን በኩል ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ በ1 ሜትር ስፋት 5 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ለእግር እንኳ አይታወቅም። አልፎ አልፎ መንገዱ ወረድ ብሎ መልሶ ከፍ እንዲል አድርጉ፣ የተጠራቀመው ውሃ እዚያች ዝቅታ ላይ ወጥቶ ይሄዳል።

ስፋትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ መመሪያ ሁለት አቅጣጫ ላለው የጋራ መንገድ ዝቅተኛው 3 ሜትር ገደማ ነው። ከተማ ዳር ላይ ይሠራል። ገደል ላይ ግን 3 ሜትር መቁረጥ ማለት ያን ሁሉ አፈር ታች ያለ ሰው ማሳ ላይ መድፋት ነው። ጠበብ አድርጉትና መተላለፊያ ሰፋ ያለ ቦታ እያበጃችሁለት ሂዱ። የቀበሌውንና የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት ታውቁታላችሁ። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ግን ታች የሚያርሰውን ሰው አነጋግሩ።

ከኩታበር፦ አምና በደቦ ያማረ መንገድ ሠራን። ዘንድሮ ግማሹ ታጥቧል። ሰዉም ተስፋ ቆርጧል። ምን ይሻላል?

አብሽሩ፣ የተለመደ ነው። መንገድ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፣ ችግሩ የሚጠግነው ነው። ለምረቃ ጊዜ ሁሉም ይመጣል፣ ፎቶም ይነሳል፣ በሐምሌ ግን ማንም የለም።

መንገዳችሁን ማየት ያለባችሁ ግን በሐምሌ ነው፣ ያውም እየዘነበ። ካፖርት ደርባችሁ፣ ዶማ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ከሚደረግ ስብሰባ ይልቅ ያ አንድ ሰዓት ብዙ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ትንሽ ነው የሚሆነው፦ ውሃ መውጫዋ በደለልና በቅጠል ተደፍናለች፣ ውሃውም መውጫ ሲያጣ መንገዱን ይዞ ወርዷል። አምስት የዶማ ምት ነው ሥራው። ጥርት አድርጋችሁ ክፈቷት፣ ከመንገዱም አልፎ ሣሩ ድረስ መውጫ ስጧት። ያወጣችሁትን ደለል ደግሞ አታርቁት፣ መንገዱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ መልሳችሁ ጠቅጥቁት።

ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ጠረጋው ሁለት ጊዜ መሆን አለበት፣ አንዴ በጥር ወይ በየካቲት መጀመሪያ፣ አንዴ ሰኔ ሳይጋመስ። የጥር ወሩ ጠረጋ ከተፋሰስ ሥራው ዘመቻ ጋር ስለሚገጥም ዶማውም ባሬላውም ሰዉም እዚያው አለ። አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ በሞቴ! ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ አላችሁ አይደል? ለእያንዳንዱ ቅሬ ከዚህች ዋርካ እስከዚያች ድንጋይ ብላችሁ ቁራጭ ስጡት። ቅሬ ቀሪውን መቅጣት ያውቅበታል።

ቦረቦር የሆነውን ክፍል ግን በአፈር አትሙሉት፣ ይወስደዋል። ከላይ ጀምራችሁ በየርቀቱ የድንጋይ ክትር ሥሩለት፣ መሃሉ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ይበል፣ አለዚያ ውሃው ዳሩን ይበላና ዞሮ ያልፋል። መንገዱንም ለዚያ ክረምት ወደ ጎን አዙሩት።

ከሐይቅ፦ እኔ ገበሬ ነኝ፣ እህል ጭኜ ገበያ ስወርድ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች ከኋላ መጥተው አህያዬን አስደነበሯት፣ እህሉ ተደፋ። መንገዱ የጋራ ነው ይሉኛል። ቅድሚያው የማነው?

እትዬ፣ ቅድሚያው የእርስዎ ነው፣ ከእርስዎም በፊት የአህያዋ። እንዲህ ያለ የጋራ መንገድ በለመደው አገር ሁሉ ብስክሌት ለእግረኛ ይቆማል፣ ሁለቱም ለእንስሳ ይቆማሉ።

ለወጣቶቹ ደግሞ፦ ከኋላ ስትመጡ ከሩቅ ፍጥነት ቀንሱና በአፋችሁ ተናገሩ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ልለፍ?» ማለት ደወል ከማንጫረር ይሻላል፣ እንስሳዋም የሰው ድምፅ ታውቃለች። ተዳፋት ላይ ከተገናኛችሁ ወርዳችሁ በቁልቁለቱ በኩል ቁሙ። ፈረሰኞች የሚመክሩት ይኼንን ነው፣ የደነገጠ እንስሳ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ለተደፋው እህል ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አያስፈልግም፣ ሽማግሌ ይበቃል። አበጋር፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ያላችሁ አገር ላይ ሆናችሁ ለአንድ ቁና እህል ምን ያካስሳል።

ከኮምቦልቻ፦ የባቡር ሐዲዱ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንደ ፈረንጆቹ የብስክሌት መንገድ ብናደርገውስ?

አይሆንም። ፈረንጆቹ ያን የሚያደርጉት የተተወ ሐዲድ ላይ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ያለው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ኬቲ ትሬይል ባቡሩ ቀርቶ፣ ብረቱ ተነቅሎ ነው የብስክሌት መንገድ የሆነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የእኛው ግን አዲስ ነው፣ ያውም በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታሰበ። እዚያ አትሂዱ።

ከወልድያ፦ አዲሱን የእግር መንገድ እንድንጠብቅ ቀበሌው ስድስት ልጆችን መርጦን ነበር። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ብናገኝ መያዝ እንችላለን? መንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ እንትከል የሚሉም አሉ።

አትያዙ። የእናንተ ሥራ ማየት፣ መጻፍና ማሳወቅ ነው። መያዝ የፖሊስ ነው፣ ዱላና መጥረቢያ ከያዘ ሰው ጋር መተናነቅ ደግሞ የማንም ሥራ አይደለም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ልበሱ። ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፣ ፋሻና ትንሽ መጋዝም ያዙ። አንድ ደብተር ይኑራችሁና ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን ጻፉበት። «ዛፍ ተቆረጠ» ብቻ ማለት አይጠቅምም፣ «ከድልድዩ በላይ፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ» ብላችሁ ጻፉ። ከሁሉ በፊት መዞር ያለባችሁ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው፣ ከዚያ በገበያ ቀን።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አትዩት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ያለፈበት አገር ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም አዲስ ጎርፍ በገለጠው አፈር ላይ እንግዳ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ በድንጋይም አትምቱ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጉ፣ ሰው እንዳይቀርብ አንዱ ይቁም፣ ሌላው ለፖሊስ ይደውል። ልጆችንና እረኞችን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ባሕር ዛፉን ተዉት። ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ የተራቆተው አፈር ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ መንገዳችሁ ላይ ይወርዳል፣ ደረቅ ቅጠሉም እሳት ይወዳል። ወይራ፣ ጥድ ወይም ዋንዛ ትከሉ፣ ክረምቱ ጠበቅ ሲል፣ ከመንገዱም ፈንጠር አድርጋችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ እሾህ እጠሩለት፣ ፍየሎቹ ቅድሚያ አላቸው ስላልን ችግኙንም ይብሉት አላልንም።