ትንሽ የማደሪያ ተሳቢ ለማሠራት ላሰባችሁ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ናችሁ፣ ፒክአፕ መኪና አላችሁ፣ ሦስት ሜትር የምትሆን የማደሪያ ተሳቢ ኮምቦልቻ አሠርታችሁ ከሁለት ልጆቻችሁ ጋር በእረፍት ቀን ወጣ ማለት አስባችኋል። «ውስጡ ምን ይግባ? ውሃው፣ ጋዙ፣ ብርዱስ እንዴት ይሆናል?» ነው ያልሽው። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እንዲህ ያለች ተሳቢ ከያዝን ቆይተናል፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሐይቅም ባቲም አድረንባታል። የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማልና ታገሺኝ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከውስጡ ነው። አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ፍሪጁ። እኔ ግን ከክብደቱ ጀምሩ ነው የምለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ይህን ሁሉ ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምትወርዱት። በመሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እናንተም ታውቁታላችሁ። ተሳቢ ይዛችሁ ስትወርዱት ግን ሌላ መንገድ ይሆንባችኋል፣ ምክንያቱም ከኋላ የሚገፋችሁ አለ። ሽቅብ ስትመለሱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ አየር ያጥረዋል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ የምትጨምሩት ቁምሳጥን ሁሉ ዋጋውን የሚያስከፍላችሁ ሐረጎ ላይ ነው።

ዕቃ ተጭኖበት ከ700 ኪሎ ባያልፍ ጥሩ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ግድ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በያጁ «ግዴለም፣ መኪናዋ ትችለዋለች» ቢላችሁ መጎተቱን ትችል ይሆናል። እናንተ ግን ማቆሙን ትችላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁት። በእኔ እምነት በእኛ አገር ቁልቁለት 700ም ቢሆን ፍሬን ቢኖረው ይመረጣል። ገንዘብ ካጠራችሁ ከአልጋው ጌጥ ቀንሱና ፍሬኑ ላይ አውሉት።

ኮምቦልቻ ማሠራታችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው። የከባድ መኪና ከተማ ናት፣ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ብዙ መኪና ያልፍባታል፣ ባለሙያዎቹ ተሳቢ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ችግሩ የለመዱት ትልቁን ስለሆነ ለትንሹም ወፍራም ብረት ይመርጣሉ። ላሜራው ቀጭን ይሁን፣ ወለሉና ውስጡ ኮምፔርሳቶ ይሁን በሉ። ጠንካራ መሆን ያለበት ሻንሲው፣ ባሌስትራውና ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጋንቾው ነው። እዚያ ላይ አትቆጥቡ። ጋንቾው ላይ ሁለት ሰንሰለት ከሥር ተሻግሮ ይታሰር፤ ጋንቾው ቢወልቅ እንኳ ምላሱ፣ ማለትም ከተሳቢው ፊት የሚወጣው ብረት፣ መሬት ሳይወጋ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ስለ ሰሌዳውና ስለ ምርመራው ጠይቁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አፍርሱ ከመባል ይሻላል።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ። «ቀላል ስለሆነ የባጃጅ ጎማ ይበቃዋል» የሚል አይጠፋም። እሺ አትበሉ። የተሳቢው ቸርኬ ከፒክአፓችሁ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ የቡሎኑ ብዛትና ርቀት ሳይቀር። ያኔ አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ይሠራል፣ ክሪኩም ቁልፉም አንድ ይሆናል። ባቲ መንገድ ላይ በጸሐይ ጎማ የፈነዳበት ሰው ይህን ምክር ወዲያው ይረዳዋል። ጎማ ስትገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። ተሳቢ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል።

አጫጫኑ እንደ አህያ ጭነት ነው፣ ካልተመዛዘነ መንገድ ላይ ያስቸግራል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከጎማው በላይና ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ተሳቢው ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 700 ኪሎ ቢሆን ከ70 እስከ 105 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት የሰው ሚዛን በቂ ነው፣ ምላሱ ሥር እንጨት አቁማችሁ ሚዛኑ ላይ ታሳርፉታላችሁ። ኋላው ከከበደ ፈጠን ስትሉ ጅራቱ ግራና ቀኝ መወላወል ይጀምራል። ያኔ ፍሬን በኃይል መርገጥም መሪ ማወናጨፍም አደጋ ነው። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ይረጋል።

አሁን ሐረጎን እንውረድ። አናቱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን አውጥቶ፣ መውረድ በፍጹም አይታሰብም። ፍሬኑንም ረግጣችሁ ይዛችሁ አትውረዱ፣ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፣ እንዲቀዘቅዝ። ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩንባ ቢነፋ ይንፋ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ዳር ያዙና ውረዱ። የተሳቢውን ጎማ መሀል፣ ኩሽኔታው ያለበትን፣ በእጅ ጀርባ ጠጋ በሉት። ለብ ካለ ጤና ነው። እጅ የማያስቀርብ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ወይ ግራሶው አልቋል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ከዚያ የሌላውን ጎማ ንኩና አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በጣም ከተለየ ጋራዥ ሳታሳዩ አትቀጥሉ። እኔ በቆምኩ ቁጥር ይህን አደርጋለሁ፣ ልጆቼም ለምደውት ከእኔ ቀድመው ይሮጣሉ።

ስለ ልጆች ካነሳን፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንም ሰው ተሳቢው ውስጥ አይሁን። ቢተኙም፣ ቢያለቅሱም፣ «እስከዚያች ድረስ ብቻ» ቢባልም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

ወደ ኋላ መንዳት መጀመሪያ ያበሳጫል። ዘዴው መሪውን ከታች በኩል መያዝ ነው። ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ እጃችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ በቃ። ደሴ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፊ ሜዳ ፈልጋችሁ ጠዋት ጠዋት ተለማመዱ። አንቺም ተለማመጂ፣ ለባለቤትሽ ብቻ አትተዪው።

ወደ ውስጡ እንግባ። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ብርዱን የጠየቅሽው ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሲበርደው የሚያስበው ከሰል ነው። እባካችሁ፣ ከሰል ተሳቢ ውስጥ አይገባም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው ነው ሰው የሚገድለው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የሚታወቅ ነገር ቢኖር ራስ ምታትና ድካም ነው፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያንንም አያውቅም። ሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ አራት ሰው ተኝቶ ለዚህ ነገር ጊዜ አይበቃም። ቡናው ከውጭ ይፈላ፣ ምድጃውም ውጭ ይደር። ውስጡ የሚሞቀው በሰው ትንፋሽ፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ነው። ሙቅ ውሃ በላስቲክ መያዣ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር ማስገባትም ለልጆች በጣም ይረዳል።

ጋዙም ከውጭ ይሁን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚሠሯቸው የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ተሳቢዎች አሉ። ማእድ ቤታቸው ከኋላ ነው፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሲከፈት ጣራ ይሆናል፣ አብሳዩ ውጭ ቆሞ ይሠራል። ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም። የወጥ ሽታ ፍራሽ ውስጥ አይገባም፣ እሳትም ከመኝታ ይርቃል። ሲሊንደሩ ፊት ምላሱ ላይ በሳጥን ይቀመጥ፣ የሳጥኑ ወለል ቀዳዳ ይኑረው። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሚፈስሰው ወደ ታች ነው። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ አረፋው ከተነፋ ይፈሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ከልክሉት።

ብርዱን ስትፈሩ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም ማድረግ ያምራችኋል። ጠዋት ስትነሱ ጣራው ላይ ጤዛ ይዞ ፊታችሁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ የፍራሹ ሥር እርጥብ ሆኖ ስታገኙት ምክንያቱን ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ሊደርስ የሚችል ውሃ ያወጣል። አራት ሰው ስትሆኑ አስቡት። ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። በላሜራውና በኮምፔርሳቶው መካከል ፎም ይግባ፣ ከዚያ አንድ ከታች አንድ ከላይ የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ በወንፊት ሽቦ ይሠራ። ፍራሹንም ጣውላ ላይ በቀጥታ አታንጥፉ፣ ርብራብ ይሁን፣ አየር እንዲያልፍ።

አራት ሰው ይተኛል ወይ ላልሽው፣ ሁለቱ ልጆች ትንንሽ ከሆኑ በአግድም ይተኛል። ካደጉ አንድ ድንኳን ጨምሩ። ልጆች ድንኳኑን ይወዱታል።

ውሃ ላይ ትልቅ ታንከር አታሠሩ። 100 ሊትር ማለት 100 ኪሎ ነው፣ ከዚያም ቁልቁለት ላይ ይናጣል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አንዱ ለመጠጥና ለምግብ፣ አንዱ ለመታጠቢያ፣ ቀለማቸው ይለያይ። ከየትም የቀዳችሁትን ውሃ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ መጠኑ ማሸጊያው ላይ አለ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባቄላም ምስርም ከቆላው ይልቅ ይዘገያል፣ ጋዝ ይበላል። ወይ የግፊት ድስት ያዙ ወይ ከቤት ቀቅላችሁ ውጡ። እኛ ብዙ ጊዜ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው የምንይዘው። አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ፍሪጅ ከሌለ ደግሞ ባለ 100 ዋት ሶላርና አንድ ባትሪ ለመብራትና ለስልክ ይተርፋችኋል። ተራ የመኪና ባትሪ ከሆነ ግማሹ ሳያልቅ መልሳችሁ ሙሉት፣ ባዶ ካደረጋችሁት ቶሎ ይሞታል።

ቦታ ስትመርጡ ከፍታውን አስቡ። ቦሩ ሜዳ ላይ በታኅሣሥ ስታድሩ ያንቀጠቅጣል፣ ወባ ግን አያሳስብም። ወደ ሐርቡ፣ ከሚሴና ባቲ ስትወርዱ ይሞቃል፣ ወባም አለ። አጎበር ይኑራችሁ፣ ያ የአየር ማስገቢያችሁ ወንፊትም እዚያ ነው ዋጋው የሚታየው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን አሸዋው ስላማረ አትቁሙ። ታች ጠብታ ሳይጥል ደጋው ላይ የዘነበው ሊደርስባችሁ ይችላል። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ እኔ አልወጣም። ጭቃውም ጉሙም ለተሳቢ አይመችም።

የሰው መሬት ላይ ስትቆሙ ባለቤቱን አስፈቅዱ። አስቀድማችሁ ሰላም ካላችሁና ከየት እንደመጣችሁ ከተናገራችሁ የወሎ ሰው ቡና ይዞ ነው የሚመጣው። ሳትናገሩ ከመሸ ግን ማን እንደሆናችሁ አያውቅም፣ መጠራጠሩም ትክክል ነው። ከልጆች ጋር ስትሆኑ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ የሆቴል ግቢ ውስጥ አስፈቅዶ ማደር ይሻላል። ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ ሽንት ቤትና ዘበኛ ታገኛላችሁ። ከግቢ ውጭ ካደራችሁ ክዳን ያለው ባልዲና አመድ ያዙ፣ ልጅ በሌሊት ጫካ አይላክም። የተረፈ ምግብና አጥንትም ውጭ አይደር፣ ጅብ ይጠራል። ስትቆሙ ከጋንቾው ሳትፈቱ በፊት ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርጉ። የበያጆቹ ውሃ ልክ ትንሿን ገዝታችሁ ወለሉን አስተካክሉ፣ ጭንቅላት ወደ ታች ተኝቶ የሚያድር ሰው ጠዋት ራሱን ያመዋል።

መንገዱን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። ሰላሙንም፣ የተቆረጠ መንገድ ካለም ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጥሩ ካልሆነ ቀኑን ቀይሩ። ማታ አትንዱ፣ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የምታድሩበት ቦታ ላይ ሁኑ።

መጀመሪያ ግን ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩበት። ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደበዛ ያኔ ይታያችኋል። ከዚያ ሐይቅ ሂዱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጎደለ ነገር ቢኖር መመለስ ቀላል ነው። ሲመቻችሁ እሑድ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ባቲ ግቡ፣ ሰኞ ገበያው ነው፣ ልጆቹ ግመሎቹን ይዩ። የተሳቢውን ንድፍ ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፉት። የጎማው ቦታ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ የሚለውን ሳይበየድ በፊት አብረን እናየዋለን።