መልስ፦ 40 ኤሪዳኒ ሦስት ኮከብ ከሆነ ለምን አንድ ብቻ ይታየኛል?

ወንድሜ፣ ዓይንህ ደህና ነው። ያየሃት ከሦስቱ ዋናዋን፣ ብርቱካናማዋን ብቻ ነው፤ የብሩህነት ደረጃዋ 4.4 ስለሆነ መብራት ካለበት ሰፈር እሷም ትጠፋለች። ጓደኞቿ 9.5 እና 11 ገደማ ናቸው (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል)፣ በባዶ ዓይን አትልፋ።

በጥር ምሽት ሪጅልን (በኦሪዮን ህብረ ኮከብ ያለችውን ደማቅ ኮከብ) አግኝና እጅህን ዘርግተህ ወደ ምዕራብ አንድ ቡጢ ተኩል ለካ። በትንሽ ቴሌስኮፕ ከብርቱካናማዋ አጠገብ ነጭ ነጥብ ታያለህ። እኔን የምትገርመኝ እሷ ናት፦ ነጭ ድንክ፣ ነዳጇን የጨረሰች የኮከብ አስኳል። ስፋቷ ከምድር ብዙም አይበልጥም፣ ክብደቷ ግን የፀሐይን ክብደት ግማሽ ያልፋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል በ1783 እ.ኤ.አ. ሲያያት ምንነቷ ገና አይታወቅም ነበር። ሦስተኛዋ ቀይ ድንክ (ትንሽና ደብዛዛ ኮከብ) ናት፤ እሷና ነጯ በ230 ዓመት ገደማ አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። የምታየው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከ16 ዓመት በፊት ነው።